ቀለም ያልቀባሁት እብጠት

ሰኔ 2፣ ሰኞ

አማቴ ዛሬ ጠዋት የሐሞት ጠጠር ሳይኖርባቸው አይቀርም ተብሎ አልትራሳውንድ ሊነሡ ሄዱና ሌላ ጉድ ተገኘባቸው። ጠጠር የሚባል ነገር የለም። ከእምብርታቸው ከፍ ብሎ፣ ከልብ ወደ እግር የሚወርደው ዋናው የደም ሥር አብጧል። ምርመራውን የሠራው ባልደረባዬ ኮሪደር ላይ ጠብቆ፣ "አማትሽ ናቸው አይደል? ቶሎ ሲቲ ስካን ቢነሡ ጥሩ ነው" አለኝ። ቃሉ ምንም አይልም፤ ድምፁን ዝቅ ማድረጉን ነው ያልወደድኩት።

ሲቲ ስካኑ የእኔ ክፍል ነው። ማሽኑ የሰውን ሆድ እንደ ዳቦ ስስ ስስ አድርጎ እየቆረጠ ግራጫ ምስል ያመጣል። እኔ ያንን ሁሉ ኮምፒውተር ላይ እደራርብና ከየአቅጣጫው እየዞረ የሚታይ ባለ ሦስት አውታር ምስል አደርገዋለሁ። ሐኪሞቹ በዚያ ላይ እየለኩ ሥራቸውን ያቅዳሉ። የስንቱን ሰው የደም ሥር አገላብጫለሁ። የቤቴን ሰው ግን አገላብጬ አላውቅም።

እማማ ራሳቸው ምንም አልመሰላቸውም። ከሰዓት በኋላ ፀጉር ቤታቸውን ከፍተው የሁለት ደንበኛ ፀጉር በቢጉዲን ጠቅልለዋል። "ጠጠር የለም አሉኝ፤ ተገላገልኩ" ይላሉ ለገባው ለወጣው።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

እማማ ሲቲ ተነሡ። እኔው አስተኛኋቸው፣ እኔው መርፌውን ተከልኩላቸው። ምስሉን የሚያጎላው ቀለም በደም ሥር ሲገባ ሰውነት ይሞቃል፣ አይደንግጡ አልኳቸው።

"እንደ ፀጉር ማድረቂያዬ ካስክ?"

"እንደ ካስክ፣ እማማ።"

"ይህን ሁሉ ዘመን ሰው ሳሞቅ ኖሬ አሁን ተራዬ ደረሰ በይኛ።"

በሰፊው ቦታ ስድስት ነጥብ አራት ሴንቲ ሜትር። ጤነኛው ሁለት ገደማ ነው። ይህን ያህል የተነፋ ነገር ከፈነዳ ሆስፒታል ለመድረስ እንኳ ጊዜ አይሰጥም። ሌላ ሰው ቢሆን ቁጥሩን ጽፌ ለሐኪሙ ልኬ ምሳዬን እበላ ነበር።

ምሳ አልበላሁም። ሥራ በዝቶ ነው።

ሰኔ 6፣ ዓርብ

ባለቤቴ መስታወት ገጣሚ ነው። ፎቅ ላይ በገመድ ተንጠልጥሎ መስኮት ሲገጥም እያፏጨ ነው። የእናቱ ነገር ሲነሣ ግን ውሃ ይሆናል። አባቱ ሆዳቸው ተከፍቶ ቀዶ ጥገና ላይ እንዳሉ ነው የቀሩት፤ እሱ ያኔ ተማሪ ነበር። ከሰኞ ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ይገላበጣል፣ ይነሣል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ተመልሶ ይመጣና "ተኝተሻል?" ይለኛል። ተኝቼ ብሆን እንኳ አያስተኛኝም።

ዛሬ ሥራ ቦታዬ ድረስ መጣ። የደንብ ልብሱ ላይ ያለው የመስታወት ማጣበቂያ እንኳ አልደረቀም። "አሳዪኝ" አለ።

አሳየሁት። ቀይዋን ምስል።

ቀይዋ ምስል ቆንጆ ናት፤ አልዋሽም። ከላይ እንደ ግንድ ትወርዳለች፣ ለሁለቱ ኩላሊት ግራና ቀኝ ቅርንጫፍ ታወጣለች፣ ታች ስትደርስ ለሁለት እግር ትከፈላለች። ችግሯ አንድ ነው። ቀለሙ የሚገባው ደም በሚሮጥበት ቦታ ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩም በቀይ የሚስለው ቀለም የገባበትን ብቻ ነው። እብጠቱ ውስጥ ዳር ዳሩን ተደራርቦ የረጋው ደም ቀለም አይገባውም። ያንን እኔ ምስል በምስል እየተከተልኩ በእጄ ካልቀባሁት በስተቀር የለም። የእማማ እብጠት ደግሞ አብዛኛው የረጋ ደም ነው። ስለዚህ ቀይዋ ላይ የሚታየው መሃሉ ትንሽ ጎበጥ ያለ ቀጭን መንገድ ብቻ ነው።

"ይቺ ናት?" አለ ባለቤቴ። "ይቺን ነው እንዲህ ያካበዱብን?"

ገና አላለቀም፣ ቀሪውን አልቀባሁትም፣ ልለው ነበር። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሣ። ፊቱ ላይ ደም ሲመለስ አየሁ። ትከሻው ወረደ። እዚያው ቆሞ ግንባሬን ሳመኝ፤ በባልደረቦቼ ፊት።

ሰኞ ሐኪሙ በደንብ ያስረዳዋል። የማስረዳት ሥራ የሐኪም ነው፣ የእኔ አይደለም።

አሁን ከጎኔ ያንኮራፋል። ስንት ቀን የናፈቀኝ ማንኮራፋት ነው፤ እኔ ነኝ አሁን የማልተኛው።

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ

ፎቶዋ ፀጉር ቤት ገብታለች። ልጅ ለእናቱ ልኮ፣ እናት ለደንበኛ እያሳዩ ነው። ካስክ ሥር የተቀመጡ ሦስት ሴቶች ስልኩን እየተቀባበሉ የአማቴን የደም ሥር ሲመረምሩ ደረስኩ። የዳቦ ቤቷ ባለቤት ከካስኩ ሥር ራሷን ስለማትሰማ እየጮኸች፣ "ይቺማ ምን አላት! የእኔ የእግር ሥር አይበልጥም እንዴ?" አለች።

"ምራቴ ናት የሠራቻት" አሉ እማማ። ኩራት ነበረው አነጋገራቸው። ቀና ብለው አዩኝ፤ አንድ ቃል የሚጠብቁ ይመስላሉ።

ፈገግ አልኩ። ምን ልበል? በደንበኛ ፊት ይወራል እንዴ?

ሰኔ 9፣ ሰኞ

ዶክተር ቀስ ዘንድ ሦስታችንም ገባን። ስሙ ይህ አይደለም፤ ሁሉን ነገር "ቀስ" ስለሚል እኛ ያወጣንለት ነው። በዕድሜ ያንሰኛል፣ በትዕግሥት ግን አያቴ ይሆናል።

ቀስ ብሎ አስረዳ። አንዱ መንገድ ሆድ መክፈት ነው፤ የእማማ ልብ ያንን አይችልም። ሌላው በብሽሽት በኩል ገብቶ፣ በብረት ቀለበት የተወጠረ የጨርቅ ቱቦ እብጠቱ ውስጥ መትከል ነው፤ ደሙ በቱቦው ያልፋል፣ እብጠቱ ያርፋል። ግን ቱቦው ከላይ ጤነኛ ቦታ ቆንጥጦ መያዝ አለበት። የእማማ ጤነኛ ቦታ ከኩላሊቶቹ ሥር እጅግ አጭር ነው። ስለዚህ ለኩላሊቶቹ ቀዳዳ ያለው፣ በእሳቸው ልክ ብቻ የሚሠራ ቱቦ ይታዘዛል። ቀዳዳው በትንሹ እንኳ ከተዛባ ኩላሊት ይዘጋል። ልኩ የሚወሰደው ከእኔ ምስል ነው። ተሠርቶ እስኪመጣ ሁለት ወር ሊደርስ ነው። "ዛሬ ከፈረሙልኝ ዛሬ እልካለሁ" አለ።

እማማ ስልካቸውን አወጡ። "ልጄ፣ አንተ ይቺን አላየሃትም መሰለኝ።"

ዶክተር ቀስ ፎቶዋን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። "እማማ፣ ይህ ደሙ የሚሄድበት ብቻ ነው። እብጠቱ እዚህ ላይ የለም።" ስክሪኑን አዞረላቸው፤ ግራጫዎቹን እየገለበጠ በጣቱ ዙሪያውን አሳያቸው።

"ይህ እኮ ጭጋግ ነው" አሉ እማማ። "የሚታየውን ትተህ የማይታይ ትነግረኛለህ። ምራቴ የሠራችውን አምናለሁ።" ቦርሳቸውን ዘጉ። አልፈረሙም።

መንገድ ላይ ባለቤቴ ጠየቀኝ። "እውነቱን ነው?"

"ሐኪም ምንጊዜም ከባዱን ነው የሚናገረው" አልኩት። ዓይኔን በጨው አጥቤ። እማማ ኋላ ወንበር ላይ ነበሩ፤ በእሳቸው ፊት ምን ልበል? ቤት ስንደርስ እነግረዋለሁ አልኩ።

ቤት ስንደርስ ቧንቧ ሲያፈስ አገኘነው።

ሰኔ 11፣ ረቡዕ

አልነገርኩትም። ደክሞት ነበር።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

ከፀጉር ቤቱ ጓዳ ፎጣ ላመጣ ገብቼ ሰማሁ። አንዷ ደንበኛ ናት። "እነዚህ ሰዎች እኮ ማሽናቸው ሥራ እንዳይፈታ ብለው ነው ጤነኛ ሰው የሚያስተኙት።" ሌላዋ፣ "እንኳን ምራትዎ እዚያ ኖረች! ባትኖር ይሄኔ ሆድዎን ዘርግፈውት ነበር።"

እማማ ሳቁ። "የእኔ ልጅ ብትደብቀኝ ኖሮ ፊቷ ያስታውቅ ነበር" አሉ።

ፎጣውን ይዤ ጓዳው ውስጥ ቆየሁ። አጥፌ ዘረጋሁት፣ ዘርግቼ አጠፍኩት። ስወጣ ፊቴን በመስታወት አየሁት፤ ምንም አያስታውቅም። እንዲህ ዓይነት ፊት እንዳለኝ አላውቅም ነበር።

ሰኔ 16፣ ሰኞ

ዶክተር ቀስ ኮሪደር ላይ ያዘኝ። "አማትሽ?" "እያሰቡበት ነው።" "ቀስ ብለው ያስቡ፤ ግን እንዳይቆዩ።" እሱን ለመጀመሪያ ጊዜ ከቀስ ሌላ ነገር ሲል ሰማሁት።

ሰኔ 19፣ ሐሙስ

ስልክ። "እማዬ ወገቧን አሟታል፣ ልትቆም አልቻለችም።" ታክሲ። ዝናብ። መንገዱ ዝግ።

እብጠት ሲያፈስ የሚያመው ወገብ ላይ ነው። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ባለቤቴ እናቱን ደግፎ "አይዞሽ፣ ብርድ ነው" ይላል። እኔ በሰዓቴ ደቂቃ እቆጥራለሁ።

ሰኔ 19፣ ማታ

አልፈሰሰም። አስገብቼ አነሣኋቸው፤ ቁልፉን ሁለት ጊዜ ሳትኩት። ከእብጠቱ ውጭ አንዲት ጠብታ ደም የለም። ጡንቻ ነው፤ ጠዋት የሻምፑ ካርቶን ብቻቸውን ከመሬት አንሥተው ነበር። ነፍሴ መለስ አለች። ማሽኑ ክፍል ውስጥ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ትንሽ አለቀስኩ፤ ከዚያ ተነሥቼ ፊቴን ታጠብኩ።

ስወጣ ባለቤቴ እየሳቀ አቀፈኝ። "አየሽ? አላልኩሽም? ምንም የለባትም! ያቺን ቀጭን ነገር ይዘው ነው ሰው የሚያስጨንቁት!" እማማም በማስታገሻ መርፌ ሕመሙ ለቀቃቸውና ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ነርሷን ፀጉርሽን ምን ነክቶት ነው ይሏታል።

ሁሉም ሳቀ። ሳቁ አስፈራኝ። ዛሬ ሳይፈነዳ ቀርቶ ነው እንጂ ፈንድቶ ቢሆን ኖሮ፣ እሱ እናቱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ቤት ያስቀምጣቸው ነበር። ምክንያቱም ምስሏን አይቷል። የእኔን።

ሰኔ 24፣ ማክሰኞ

ከሥራ በኋላ መቅባት ጀምሬያለሁ። የረጋውን ደም በቢጫ። ምስል በምስል፣ ዳር ዳሩን፣ እንደ ካርታ ድንበር። ኮምፒውተሩ የአንጀቱንም ጥግ እየያዘ ያስቸግራል፤ በእጅ መመለስ አለብኝ።

ስንት ሰው እንዲህ ቀብቻለሁ። ይህን ያህል የከበደኝ የለም። ቢጫው ይሰፋል፣ ይሰፋል፣ አያልቅም። መሃሉ ላይ ያቺ ቀይዋ ሰምበር ትመስላለች።

ሰኔ 27፣ ዓርብ

ጨረስኩ። ትናንት ማታ ወደ ማተሚያው ላክሁት፤ ባለ ሦስት አውታሩን በፕላስቲክ የሚያወጣው ማሽን ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ያትማል። ዛሬ ጠዋት ዶክተር ቀስ ቀድሞኝ ደርሶ ሞዴሉን በእጁ እያገላበጠ አገኘሁት።

"በጣም ጥሩ ነው። ለማን ነው ያሠራሽው?"

"ለአንተ ነው፤ ለማቀድ።"

"ለእኔ ከሆነ ለምን ፌስታል ይዘሽ መጣሽ?"

ፌስታሉን ተቀብሎኝ ሞዴሉን ራሱ ጠቅልሎ አስገባልኝ። "ስትጨርሺ መልሺልኝ፤ የእውነት ያስፈልገኛል" አለ።

ሰኔ 30፣ ሰኞ

ፀጉር ቤቱ ዛሬ ዝግ ነው። እኔ ያሰብኩት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ በሥርዓት ላስረዳ ነበር። እማማ ገና ከበር ሲያዩኝ፣ "ነይ ወዲህ፣ ይህን ፀጉር ይዘሽ ሰው ፊት ትቆሚያለሽ? ልጠብልሽ" አሉ። እምቢ ማለት አይቻልም። ወንበሩ ላይ ተኛሁ፣ አንገቴን ገንዳው ላይ ጣልኩ። ፌስታሉ እግሬ ሥር ነው። ውሃው ሞቅ ብሏል፤ ጣቶቻቸው የራስ ቅሌን ያውቁታል። ዓይኔን ጨፍኜ ተናገርኩ።

"እማማ፣ ያቺ ፎቶ ሙሉ አይደለችም።"

እጃቸው አልቆመም። "ምኗ ጎድሏል?"

"ትልቁ ነገር። እብጠቱ ራሱ የለም።"

ውሃውን ዘጉት። ፀጉሬ አረፋ እንደያዘ ፎጣ ጠምጥመውልኝ ተነሣሁ። ሞዴሉን ከፌስታሉ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ውጭው ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ነው፤ ውስጡ ቢጫ፣ የቢጫው መሃል ላይ እንደ ቱቦ ክፍት የሆነ ቀይ ቀጭን መንገድ። በልካቸው ነው፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ። በሁለት እጃቸው ያዙትና ወደ መስኮቱ ወሰዱት።

"ይህ እኔ ውስጥ ነው?"

"አዎ።"

"ፎቶዋ ይቺ መሃሏ ያለችው ቀይዋ ናት።"

"አዎ።"

"ቢጫውን ማን አወጣው?"

"ማንም አላወጣውም። ኮምፒውተሩ ብቻውን አይስለውም፤ እኔ መቀባት ነበረብኝ። አልቀባሁትም።"

"ረስተሽ?"

አዎ የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። "አይደለም" አልኩ። "ልጅዎ እንዲተኛ ብዬ ነው።"

"ማሙሽን ተይው፤ እሱ ሲፈጥረው ፈሪ ነው። አንቺስ? ራስሽ አይተሽው ነበር?"

እዚህ ላይ ነው የተሸነፍኩት። ቁጥሩን ጽፌ ነበር። ስድስት ነጥብ አራት፤ ለመጻፍ አይከብድም። እብጠቱን ግን ሙሉ አድርጌ፣ አዙሬ፣ የእሳቸው ነው ብዬ አላየሁትም ነበር። አልፈለግኩም። እናቴን ያጣሁት በልጅነቴ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ፀጉሬን የሚያጥብልኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ይህን ሁሉ አልተናገርኩም፤ ለቅሶው ቀደመኝ።

እማማ ሞዴሉን ቢጉዲኖቹ መሃል አስቀመጡት። "እኔም አንድ ነገር ልንገርሽ" አሉ። "የሱ አባት በሁለት እግሩ ሄዶ ነው የገባው። ሆዱን ከፍተው፣ ተዘግቶ አልወጣም። ሐኪሙ ቀስ እያለ ሲያወራ እኔ የማስበው ያንን ነበር። ፎቶሽ ስትመጣልኝ፣ እሰይ፣ መሸሻ አገኘሁ አልኩ። ጭጋጉን እኮ ያላየሁት ዓይኔ ደክሞ አይደለም።"

ሞዴሉን በጣታቸው ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት።

"በብሽሽት ነው የሚገባው ያለው? ሆዴ አይነካም?"

"አይነካም፣ እማማ።"

"በይ ተመለሺ፣ አረፋው ይደርቅብሻል።"

ሰኔ 30፣ ማታ

ለባለቤቴ ነገርኩት። ቀይዋ ምስል ያልያዘችውን፣ እኔም ላየው ያልፈለግኩትን ሁሉ ነገርኩት፤ ወገባቸውን ባመማቸው ቀን ምን እንዳሰብኩም ጭምር። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። በረንዳ ላይ ወጥቶ ብዙ ቆየና ተመልሶ፣ "ሁለተኛ ለእኔ ብለሽ እንዳትዋሺኝ" አለ። "እሺ" አልኩ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኛ።

ግን አላንኮራፋም። ሁለታችንም ነቅተን ነው ያነጋነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ከሌላው ሌሊት ይልቅ ቀለል ያለኝ ይኼኛው ነው።

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

ፈረሙ! "ሆዴን የነካህ ቀን ግን ከመቃብርም ቢሆን ተነሥቼ እመጣብሃለሁ" ብለው ነው የፈረሙት። ዶክተር ቀስ ሳቀ። ልኩ ዛሬውኑ ተላከ። ኩላሊቶቹ የሚጀምሩበትን ከፍታ እኔ አንድ ጊዜ፣ እሱ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ሁለታችንም አብረን ለካን። አንድ ሆነ።

ባለቤቴ ኮሪደር ላይ እጄን ያዘ። ሦስት ቀን ሙሉ አልያዘውም ነበር።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

መጠበቅ። እማማ ከባድ ነገር ማንሣት፣ መቆጣት፣ ማማጥ ክልክል ነው። "መቆጣት ከቀረብኝማ ምን ሥራ አለኝ?" ይላሉ። የደም ግፊታቸውን ጠዋትና ማታ እለካለሁ። ባለቤቴ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ካርቶን ተሸካሚ ሆኗል። ደንበኞቹ "ማሙሽ" ሲሉት ጆሮው ይቀላል።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

ዶክተር ቀስ ሞዴሉን አላመጣሽም አለኝ። ማምጣት አልቻልኩም፤ ሞዴሉ ፀጉር ቤት ነው። እማማ መስታወቱ ፊት አቁመውት ለመጣው ሁሉ ያስረዳሉ። "ይህ ቢጫው የረጋ ነው። ፎቶ ላይ አይታይም፤ ቀለም አይገባውም። ስለዚህ ፎቶ አሳዩኝ ብላችሁ እንዳትታለሉ፤ ሙሉውን በሉ።" የዳቦ ቤቷ ባለቤት ያቺን የእግር ሥሯን ልትታይ ቀጠሮ ይዛለች።

ሐኪሙ ራሱ ሊወስደው መጣ። በሩ ላይ ሲቆም ካስኩ ሁሉ ጠፋ፣ ወሬው ሁሉ ቆመ። ሙልጭ ያለ መላጣ ነው።

እማማ ከላይ እስከ ታች አዩትና፣ "ልጄ፣ ለአንተ ምን ላድርግልህ?" አሉት።

እንዲህ ያለ ሳቅ ከዚያ ቤት ሰምቼ አላውቅም። እማማን "ቀስ ብለው ይሳቁ" ያላቸው እሱ ራሱ ነው፣ ዕንባውን እየጠረገ።

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

ሌሊት አንዴ እነቃለሁ። ሄጄ የእማማ መኝታ ክፍል በር ላይ ጆሮዬን እጥላለሁ። ዛሬ ባለቤቴን እዚያው በሩ ላይ አገኘሁት፤ ለካ እሱም ይመጣል። "ትተነፍሳለች" አለኝ። ተመልሰን ተኛን።

ነሐሴ 22፣ ሐሙስ

ቱቦው መጣ! ነጭ ጨርቅ፣ ስስ፣ በብረት ቀለበት የተወጠረ፤ ሁለት ትናንሽ ቀዳዳ አለው። ከሱ ጋር ለልምምድ የሚሆን አንድ ተመሳሳይ ተልኳል። ዶክተር ቀስ በሩን ዘግቶ የልምምዱን ቱቦ ሞዴሉ ውስጥ ከተተው። እኔ መብራት ያዝኩለት። ቀስ እያለ አዞረው፣ ገፋው። የግራው ቀዳዳ ኩላሊቱ አፍ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ የቀኙ።

"ገጠመ" አለ። "ልክሽ ልክ ነው።"

"ልካችን" አልኩት።

ነሐሴ 28፣ ረቡዕ

እማማ ጠዋት ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ገቡ። ሲገቡ ለባለቤቴ፣ "አትቁም፣ ተቀመጥ፤ የቆመ ሰው ያዞረኛል" አሉት።

ምንም ዜና የለም።

ባለቤቴ የመጠበቂያ ክፍሉን መስኮት እየነካካ ነው። "ይህን የገጠመው ሰው ሥራ አይችልም" አለ። ሁለት ጊዜ አለ።

ብሽሽት ብቻ ነው። ሆድ አይነካም። ገጥሟል። እኔ አይቻለሁ፣ ገጥሟል።

አሁንም ምንም።

ነሐሴ 28፣ ማታ

በሩ ሲከፈት ዶክተር ቀስ ጭምብሉን አውርዶ ነበር። እየፈጠነ ነው የመጣው። "ተተክሏል። ሁለቱም ኩላሊት ደም አላቸው። ነቅተዋል።" ባለቤቴ ሰውየውን አቅፎ ከመሬት አነሣው፤ ሐኪሙ "ቀስ! ቀስ!" ይላል አየር ላይ።

እማማን ለአፍታ አየናቸው። ገርጥተዋል፣ ከንፈራቸው ደርቋል። እጃቸውን ብርድ ልብሱ ሥር አስገብተው ሆዳቸውን ዳሰሱ። ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት፣ ምንም ስፌት የለም። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ተኙ።

እፎይ። ሌላ የምጽፈው የለኝም፤ እፎይ ብቻ።

መስከረም 26፣ ሰኞ

ዛሬ የወሩ ምርመራ ነው። ቱቦው ቦታው ላይ መሆኑን፣ ከሱ ውጭ ደም አለመፍሰሱን የምናየው ዛሬ ነው። እማማ ፀጉራቸውን ተሠርተው መጡ፤ ለማሽን ነው እንዴ አልኳቸው፤ "ፎቶ አይደለም ወይ?" አሉኝ።

ባለቤቴን ከውጭ ጠርቼ ከመስታወቱ ኋላ ከጎኔ አስቀመጥኩት። አይፈቀድም፤ አስቀመጥኩት። "መጀመሪያ ቀዩን አልሠራልህም" አልኩት። "ግራጫውን ነው የምናየው፣ ከላይ ጀምረን እስከ ታች። ቢኖርም ባይኖርም አብረን ነው የምናየው።" ራሱን ነቀነቀ። ወንበሩን ወደ ስክሪኑ አስጠጋ።

ምስሎቹ መጡ። አንድ በአንድ ገለበጥኳቸው። ቱቦው ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ውስጡ ደሙ ያበራል። ኩላሊቶቹ ሁለቱም ያበራሉ። ቱቦው ዙሪያ ያለው እብጠት ጸጥ ያለ ግራጫ ነው። ዝቅ አልኩ። ግራጫ። ገና ዝቅ አልኩ። ግራጫ። የሚያበራ ነገር ብፈልግ፣ ብፈልግ የለም። ታች ድረስ ወርጄ እንደገና ወደ ላይ ተመለስኩ።

"ይህ ጭጋግ ጥሩ ነው?" አለኝ በሹክሹክታ።

"በጣም ጥሩ ነው። አይፈስም።"

ዝምታው ሳይበዛባቸው አልቀረም፤ ከማሽኑ ክፍል በድምፅ ማጉያው የእማማ ድምፅ መጣ።

"እናንተ! እዚያ ማዶ ያላችሁ! ምነው ዝም አላችሁ? አለሁ ወይስ የለሁም?"

ባለቤቴ በላዬ ተንጠራርቶ ቁልፉን ተጫነ። "አለሽ፣ እማዬ" አለ። "አለሽ፣ አለሽ።" ቁልፉን መልቀቅ ረስቶ ሲያለቅስ እዚያ ማዶ ሁሉን ሰሙት።

"እንግዲያው አንሡኝ" አሉ እማማ። "ወገቤን በረደኝ።"